ኪኒኑን ቆጥራችኋል፤ ትሉንስ ማን ይቁጠር?

ለክፍለ ከተማችን ጤና ጽሕፈት ቤት
ለክፍለ ከተማችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ለተማሪዎች የሚታደለውን የሆድ ትል ኪኒን ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የሥራ ዘመኔን በአብዛኛው ያሳለፍኩት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የሰው ሰገራ ሳይ ነው። ሰው ናሙናውን በክብሪት ቀፎ ይዞ ሲመጣ አውቃለሁ። ልጆቼ ሥራዬን ሲጠየቁ "ጤና ጥበቃ ነው የሚሠራው" ብለው ያልፉት ነበር፤ አልፈርድባቸውም። አሁን የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ኮንዶሚኒየሙ አብቅቶ የገበሬው ማሳ በሚጀምርበት ሰፈር ነው።

በቅርቡ በሰፈራችን ትምህርት ቤት የትል ኪኒን ታደለ። እሰየው ነው። ቆይቶ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሪፖርት ቀረበ። ከተመዘገቡት ተማሪዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወስደዋል ተባለ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ እጄን አውጥቼ "ከኪኒኑ በፊት ስንቱ ልጅ ትል ነበረበት? አሁንስ ስንቱ ላይ ቀረ?" ብዬ ጠየቅኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ "ጋሼ፣ እሱ እንኳን የበላይ አካል ጉዳይ ነው" አለኝ። እንግዲህ ለበላይ አካል እየጻፍኩ ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ኪኒን እንደምትቆጥሩ ሁሉ ትልም ቁጠሩ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በመጀመሪያ ወስፋትን እንይ፤ ሁላችንም የምናውቀው እሱን ነውና። ከ15 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። ልጁ ሲያስመልስ ወጥቶ ያየ ወላጅ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም። አንዷ ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በዓይን አይታይም። ከሰገራ ጋር ወጥቶ መሬት ሲወድቅ ወዲያው አይጎዳም፤ ሁለት ሦስት ሳምንት እርጥብ አፈር ውስጥ መቆየት አለበት። አንዴ ከበሰለ ግን ለዓመታት ይቀመጣል። የሐምሌ ጭቃ አይነካውም፤ የኅዳር ውርጭም አይበግረውም።

ልጁ ይህን እንቁላል በቆሸሸ እጁ ወይም ባልታጠበ ካሮት ይውጠዋል። አንጀቱ ውስጥ ይፈለፈላል። ጨቅላው ትል የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ በደም ወደ ጉበት፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ከሳንባ ወደ ጉሮሮ ይወጣና እንደገና ተውጦ አንጀት ይገባል፤ የሚያድገው ያኔ ነው። እንቁላሉ ከተዋጠበት ቀን ጀምሮ ትሉ ራሱ እንቁላል እስኪጥል ድረስ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። የምታድሉት ኪኒን የሚሠራው ደግሞ በዋናነት አንጀት ውስጥ ባለው ትል ላይ ነው። በዕደላው ቀን ሳንባ ውስጥ መንገድ ላይ የነበረው ሊያመልጥ ይችላል። ያመለጠው ቀርቶ፣ ልጁ በማግስቱ ያንኑ አፈር ነክቶ ያንኑ እጁን ሳይታጠብ ዳቦውን ይበላል።

ይህ የእኔ ግምት አይደለም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ የወስፋት ሥርጭት ከኪኒኑ በኋላ በሦስተኛው ወር ወደ ቀድሞው ሩብ ይመለሳል። በስድስተኛው ወር ከግማሽ ያልፋል። ዓመት ሲሞላ ወደነበረበት ለመድረስ ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ በዓመት አንዴ ኪኒን አድለን መጸዳጃው እንደነበረ ከቀጠለ፣ በቀጣዩ ዓመት የምናድለው ባለፈው ዓመት ላዳንናቸው ለዚያው ልጆች ነው።

ደግሞ ትሉ ወስፋት ብቻ አይደለም። እኛ በላቦራቶሪ ትሪኩሪስ የምንለው አለ፤ በመጻሕፍት የጅራፍ ትል ይሉታል። እንቁላሉን ያየ ባለሙያ አይስተውም፤ ሁለት ጫፉ የተወተፈ በርሜል ነው የሚመስለው። ለትምህርት ቤት የሚመጣው አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም አንዷ ፍሬ ወስፋት ካለባቸው 10 ልጆች ከ9 በላይ የሚሆኑትን ታድናለች። ይህ በጣም ጥሩ መድኃኒት ነው። የጅራፍ ትል ላይ ግን ያቺው ኪኒን ከ10 ልጆች የምታድነው ወደ 3 ያህሉን ብቻ ነው። ሪፖርቱ ላይ አሥሩም "መድኃኒት ወስደዋል" ተብለው ይጻፋሉ። ልክ ነው፣ ወስደዋል። ሰባቱ ግን ከነትላቸው ወደ ክፍል ተመልሰዋል።

የትሉ ብዛትም ለየብቻ የሚታይ ነገር ነው። ሁለት ወስፋት ያለበት ልጅና ሰማንያ ወስፋት ያለበት ልጅ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ምናልባት ምንም አይሰማው ይሆናል። ሁለተኛው ይከሳል፤ ዕድገቱ ይገታል፤ ባስ ሲል ትሉ ተጠላልፎ አንጀቱን ይዘጋበትና ቀዶ ሕክምና ያስገባዋል። ከተማዋ በየትምህርት ቤቱ ምገባ ጀምራለች፤ ብዙ ልጅ በእሱ ነው የቆመው። ግን ሆዱ በትል የተሞላን ልጅ ስንመግብ ትሉንም አብረን እየቀለብን ነው።

"ብሔራዊ የዳሰሳ ጥናት ተሠርቶ የለም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው አገር አቀፍ የትምህርት ቤት ዘመቻም የቆመው በእንዲህ ያለ ጥናት ላይ ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ እኔም ባልደረቦቼም ኮርተንበታል። ግን የከተማ ዳርቻ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ቦታ አይደለም። ትናንት ጤፍ የተዘራበት ዛሬ ሃያ ሠላሳ ብሎክ ቆሞበታል። ከሦስት ዓመት በፊት የተለካ ነገር እዚህ አይሠራም፤ ሰፈሩ ራሱ ያኔ አልነበረም።

እስቲ ኑና እዩት። ሕንፃው ተሠርቶ ሰው ገባ፤ የፍሳሽ መስመሩ ግን ገና ነው። የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ክረምት ሲመጣ ሞልቶ ይፈሳል። መጣጭ መኪና እስኪመጣ በቦዩ ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል። ሜዳው ላይ ከብት ይግጣል፤ ከሰዓት በኋላ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከሜዳው ባሻገር ሌላ ሕንፃ እየተገነባ ነው። የቀን ሠራተኞቹ የሚያድሩት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው መጸዳጃ አልተሠራም። የት ይሂዱ? ጨለማ ሲሆን ወደ ማሳው ይሄዳሉ።

ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የመጡት ሞቃትና እርጥብ ከሆነ አገር ነው። እዚያ የሚበረታው መንጠቆ ትል ነው። እኛ ጋ ብርዱ ብዙም አይመቸውም። ይህ ትል በባዶ እግር ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። አንዱ ትል እንደ ዓይነቱ በቀን ከ0.03 እስከ 0.2 ሚሊ ሊትር ደም ያፈስሳል። ትንሽ ይመስላል። መቶ ትል ሲሆን ግን ሲሚንቶ ተሸካሚው ልጅ ደረጃ ሲወጣ ለምን ልቡ እንደሚመታ ይገባችኋል። እሱን በትምህርት ቤት መዝገብ አታገኙትም። ኪኒኑም አይደርሰውም።

በመዝገቡ የሌሉ ሌሎችም አሉ። ከብት የሚጠብቁ አሉ። ሊስትሮዎቹ አሉ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በየኮንዶሚኒየሙ ያሉት ትንንሽ የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው። የአሠሪያቸው ልጅ በትምህርት ቤት ኪኒኑን ይወስዳል። ምግቡን የምታበስለው፣ ሕፃኑን የምታጥበው ልጅ አትወስድም። ዘመቻው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 14 ለሆነ ሁሉ ነው እንጂ ደብተር ለያዘ ብቻ አይደለም። በዕደላው ቀን የትምህርት ቤቱን በር ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ መክፈት ምን ይከብዳል? በእድር ጡሩንባ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ይነገር፤ ይመጣሉ። ለነፍሰ ጡሮችም እንደ ሥርጭቱ ሁኔታ ከመጀመሪያው ሦስት ወር በኋላ መስጠት እንደሚቻል የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ይፈቅዳል። "እንደ ሥርጭቱ ሁኔታ" ሲል ግን ሥርጭቱን የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። ያው ወደ ቆጠራው ተመለስን።

ስለ አትክልቱ ካላነሳሁ ጎረቤቶቼ አይለቁኝም። ትልቁም ትንሹም አቃቂ ከተማውን አቋርጠው፣ የሚጨመርባቸውን ሁሉ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ። በዳርና ዳራቸው ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮት ይበቅላል። ከተማዋ ከምትበላው ቅጠላ ቅጠል ብዙው የሚመጣው ከዚያ ነው። ገበሬው በሞተር ስቦ ያጠጣል። ከዚያ ለጉሊት ሲወጣ ቆስጣው ትኩስ እንዲመስል እዚያው ወንዝ ውስጥ ይነከራል። የዓለም ጤና ድርጅት በጥሬው የሚበላ አትክልት የሚጠጣበት ውሃ በሊትር ከ1 የትል እንቁላል በላይ እንዳይኖርበት ይመክራል። የእኛን ውሃ አንድ ሊትር ቀድቶ አዘቅጦ ማየት ለአንድ ላቦራቶሪ የከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አደራ አለኝ። ገበሬዎቹን አትንኩብኝ። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ማሳውን ማጥፋት ነው። ወንዙን ያቆሸሹት እነሱ አይደሉም፤ እኛ ላይ ያለነው ነን። በምትኩ ውሃውን ከወንዝ በቀጥታ ከመሳብ በኩሬ አንድ ሁለት ቀን ቢያረጉት እንቁላሉ ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይሰጥማል። የሞተሩን ቱቦ ከኩሬው ታች ሳይሆን ከላይ ማድረግ ነው። ይህን የግብርና ባለሙያ በአንድ ጠዋት ያስተምረዋል። ጉሊቷ ጋ ደግሞ አንድ ቧንቧ ይከፈት፤ ሴቶቹ ወንዝ የሚሄዱት ቧንቧ ስለሌላቸው ነው።

ለጎረቤቶቼም በዚሁ አጋጣሚ፦ በረኪና ጠብ አድርጋችሁ ሰላጣውን መዘፍዘፋችሁ ለሌላ ሌላው ተሕዋስ ይጠቅም ይሆናል። የወስፋት እንቁላል ግን በበረኪናም በኮምጣጤም አይሞትም፤ ቅርፊቱ ወፍራም ነው። ቅጠል በቅጠል ለያይታችሁ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ማስለቀቅ ነው ያለው። ቆስጣና ጎመን እንኳ ስለሚበስል ግድ የለም።

ኮሶ ሌላ ታሪክ ነው፤ ግን ዝም ልለው አልችልም። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ያህል ፊታቸውን አጨፍግገው የኮሶውን አበባ ይጠጡ ነበር። ያ አበባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ፋርማሲ ድረስ ዘልቋል። ዛሬ ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ አለልን። ሰው የሚሳሳተው ግን በትምህርት ቤት የሚታደለው ኪኒን ለኮሶም ይሆናል ብሎ ነው። አንዷ ፍሬ አልቤንዳዞል ለኮሶ አታስተማምንም። ኮሶ አድጎ እንቁላል የሚጥለው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ከብቱ የሚይዘው ሰው ከተጸዳዳበት ሜዳ ሣር ሲግጥ ነው፤ ሰው ደግሞ ያንን ሥጋ በጥሬው ሲበላ መልሶ ይይዘዋል። ቄራ የታረደ ሥጋ ምላሱ፣ መንጋጭላው፣ ልቡ ተፈትሾ ይወጣል። በዓል ሲመጣ በየሜዳው የሚታረደውን የቅርጫ በሬ ማን ያየዋል? እኔ ቅርጫ ይቅር አልልም፤ ራሴም ገብቼ እካፈላለሁ። የእንስሳት ሐኪም በበዓል ዋዜማ በየሰፈሩ ቢዞር ግን ጥሬ ሥጋችንን በሰላም እንበላ ነበር።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። መጸዳጃ ቤቱ ተሠርቷል፤ ቀለምም ተቀብቷል። ቁልፉ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ነው። "ልጆቹ ያበላሹታል" ይባላል። እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል። ሮቶው ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ ውሃ የሚገባበት ቀን ግን ከማይገባበት ያንሳል። ሳሙና የሚባል ነገር አላየሁም። ልጆቹ ከአጥሩ ጀርባ ይሄዳሉ። ለሴቶቹ ልጆች ይህ ሌላም ጣጣ አለው፤ እሱ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። ኪኒኑ በልገሳ ነው የሚመጣው፤ ለአገሪቱ በነፃ ይደርሳል። ውሃው ነው ገንዘብ የሚፈልገው። ለዚህም ይመስለኛል ኪኒኑ በሰዓቱ ደርሶ ውሃው የሚዘገየው።

አሁን ቆጠራው እንዴት ይሠራል? ከባድ አይደለም። ካቶ ካትዝ የሚባለውን ዘዴ የትኛውም የጤና ጣቢያ ባለሙያ ያውቀዋል፤ ካላወቀም በሁለት ቀን ይለምደዋል። ሰገራው በወንፊት ይጠራል። 41.7 ሚሊ ግራም በምትይዝ ቀዳዳ ተለክቶ ስላይድ ላይ ይደረጋል። በማላካይት ግሪንና በግሊሰሪን የተነከረ ሴሎፋን ይለበጥበታል። የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ስንት እንደሆነ ይሰጣል። ወስፋት ከ5,000 ካለፈ መካከለኛ ነው፤ ከ50,000 ካለፈ ከባድ። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ የመንጠቆ ትል እንቁላል በግሊሰሪኑ ቶሎ ስለሚጠፋ ስላይዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መነበብ አለበት። ናሙናው ተሰብስቦ መኪና እስኪገኝ ከዋለ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ጤና ጣቢያ ውስጥ በየቀኑ የምንሠራው፣ ጠብታ ውሃ ላይ በጥብጠን የምናየው ምርመራ ለዚህ አይሆንም። ፈጣን ነው እንጂ ብዙ ያመልጠዋል። "ምንም አልታየም" ተብሎ የተጻፈለት ስንት ሰው ትሉን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሄደ እኛ እናውቃለን።

ከአምስት ትምህርት ቤቶች ከእያንዳንዱ 50 ልጅ ይበቃል። ከኪኒኑ በፊት አንዴ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በኋላ አንዴ፣ በስድስተኛው ወር አንዴ ይታዩ። የመጀመሪያው ሥርጭቱን ይነግራችኋል። ሁለተኛው ኪኒኑ ምን ያህል እንደሠራ ያሳያል። ሦስተኛው መጸዳጃውና ውሃው ምን ላይ እንዳሉ ይመሰክራል። መመሪያው የሚለውን ታውቃላችሁ፤ ከልጆቹ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ትል ከያዛቸው በዓመት አንድ ጊዜ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት ጊዜ ነው የሚታደለው። የእኛ ሰፈር የትኛው ውስጥ ነው? ይህን ሳናውቅ በዓመት አንዴ እያደልን ነው። ምናልባት ሁለቴ ያስፈልገን ይሆናል። ምናልባትም ጭራሽ አያስፈልገንም፤ እንዲህ ሆኖ ብናገኘው እኔ የመጀመሪያው ደስተኛ ነኝ።

ውጤቱ ሲወጣ መሳቢያ ውስጥ አይቅር። በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። የልጅ ስም አይጻፍ፤ ቁጥሩ ብቻ። የወላጅ ኮሚቴው ያንን ቁጥር ይዞ ስለ ሮቶው ሲጠይቅ "የበላይ አካል ጉዳይ ነው" ብሎ መሸኘት ይከብዳል። እውነቱን ለመናገር ቆጠራውን የምፈልገው ለዚህም ጭምር ነው።

ማይክሮስኮፕ በጤና ጣቢያው አለ። የሰው ኃይል የለም እንዳትሉኝ፤ እኔና ጡረታ የወጡ ጥቂት ባልደረቦቼ ስላይዱን በነፃ ለማንበብ ዝግጁ ነን። ዓይናችን ቢደክምም የወስፋትን እንቁላል አንስትም። ከእናንተ የምንፈልገው የፈቃድ ደብዳቤ፣ ሴሎፋንና ግሊሰሪን፣ እንዲሁም ናሙናው በሰዓቱ የሚደርስበት መኪና ነው። ሻይና ዳቦ ከተጨመረ አንጠላም።

ቀጣዩ ዕደላ ሳይደርስ መልሳችሁን እጠብቃለሁ። ካስፈለገም ጽሕፈት ቤታችሁ ድረስ መጥቼ አስረዳለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የሰፈሩ ነዋሪ፣ ጡረተኛ የላቦራቶሪ ባለሙያ

ግልባጭ፦
ለወረዳው ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ክፍል
ለትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት
ለክፍለ ከተማው የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት
የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ላለበት ሰው